ማንም አያነበውም

ፎርሙ አንድ ገጽ ነው። ከላይ የተማሪው ስም፣ ከታች ፊርማ፣ መሀል ላይ ሁለት ትንንሽ ሣጥኖች። አንዱ «ጥናት» ይላል፣ ሌላው «የሙያ ሥራ» ይላል። አንዱ ላይ ጭረት ማድረግ፣ መፈረም፣ ማስገባት። በቃ! ሕፃን ልጅ የሚሞላው ነገር ነው። ሐሊና ግን ይህቺን አንድ ገጽ ሦስት ሳምንት ሙሉ ናይሮቢ ውስጥ ከካሳራኒ ሠፈር መሀል ከተማ፣ ከመሀል ከተማ ካሳራኒ በማታቱ፣ በሚኒባስ ታክሲ፣ ስታመላልሳት ከርማ ጠርዟ ተላልጧል።

በምትማርበት ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች የመጀመሪያውን ዓመት አብረው ይማራሉ። ከዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ጥናት ያለ ሰው መረጃ ሰጪዎች ይፈልጋል፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት ይቀርባል፣ የጠየቃቸውን ሰዎች ስም ይደብቃል፣ መቶ ምናምን ገጽ ይጽፋል፣ ጎበዝ ከሆነ ወደ ዶክትሬት ይገፋል። የሙያ ሥራ ያለ ደግሞ በአንድ ጋዜጣ አዘጋጅ ሥር ሆኖ አንድ ትልቅ የምርመራ ዘገባ ይሠራል፣ ዘገባው ይታተማል፣ እሱም ሥራ ፍለጋ ይወጣል። ሁለቱም ያስመርቃሉ። ካንዱ ወደ ሌላው መመለስ ግን የለም፤ ፎርሙ ግርጌ ላይ በደማቁ ተጽፏል።

ግራና ቀኝ የሚጎትቷት ሰዎችም አላጣችም። ዶክተር አቺዬንግ፣ አማካሪዋ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «አንቺ ጭንቅላትሽ የተመራማሪ ነው፤ በጋዜጣ አታባክኚው» ይሏታል። አቤኔዘር ደግሞ አለ። ድሮ አዲስ አበባ አንድ ጋዜጣ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሠሩ ነበር፤ አሁን እዚሁ ኪሊማኒ ሠፈር ውስጥ ቢሮ ያለው የአንድ ጋዜጣ አዘጋጅ ሆኗል። እሱ እንደ ዶክተሯ አያባብልም።

«መቶ ገጽ ጽፈሽ የመደርደሪያ አቧራ ልታስበዪ ነው?» ይላታል። «ሐሊና ሙች፣ አንቺ ወሬ ሲሸትሽ እንቅልፍ የማይወስድሽ ሴትዮ ነበርሽ እኮ። ማን ሰለበሽ?»

«ኧረ በናትህ ተወኝ አቤኒ» ትለዋለች።

ማን እንደሰለባት ያውቃል እሱም። አዲስ አበባ እያሉ አንዲት ሠርክ የምትባል የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ለሐሊና ሰነድ ሰጠቻት፣ ስሜን ጻፊው አልፈራም አለች፣ ሐሊናም ጻፈችው። ሠርክ ስምንት ወር ታሰረች። ስትፈታ ሐሊና ብርቱካን ይዛ ልትጠይቃት ሄደች፤ እናትየው በሩን ገርበብ አድርገው አዩዋትና መልሰው ዘጉት። ብርቱካኑን ደጃፉ ላይ ትታው ተመለሰች። ከዚያ በኋላ የሰው ስም በጋዜጣ ላይ ስታይ ገጹን ትገለብጣለች።

የመንገድ ምርጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሳንቲም ወርውራም ትገላገል ነበር እንግዲህ። ነገሩ ግን ጋሽ ፍስሃጽዮን ናቸው።

ጋሽ ፍስሃጽዮን ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። አስመራ ተወልደው፣ በጉብዝናቸው ወራት አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ሆነው የኖሩ ሰው ናቸው። የእርሳስ ፊደል በእጅ እየለቀሙ ጋዜጣ የሠሩ! አማርኛቸው ከሐሊና አማርኛ ይጠራል፤ አንዳንዴ አረፍተ ነገሯን ያርሟታል። ናይሮቢ ከገቡ ሃያ ስድስት ዓመት ሆናቸው። ሁርሊንግሃም ሠፈር ከአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ጀርባ በተከራዩት ክፍል ውስጥ ከአንድ ልጃቸው ከስምረት ጋር ይኖራሉ፤ እናትየው ሞታለች። ስምረት ሃያ አምስት ዓመቷ ነው። ነርስነት ተምራ ጨርሳለች፣ የሥራ ፈቃድ ግን የላትም፣ ስለዚህ የሰው ፀጉር ትሠራለች።

የዛሬ ስድስት ዓመት ስምረት በስደተኛ ሠፈራ ወደ ካናዳ እንድትሄድ ስሟ ወጥቶ ነበር። አባትና ልጅ ጎረቤት ተሰናብተው፣ ሻንጣ ቆልፈው፣ በቀጠሮው ቀን ወደ ስደተኞች መሥሪያ ቤቱ ሄዱ። ጸሐፊዋ ኮምፒውተሯን አየች፣ ስምረትን አየች፣ እንደገና ኮምፒውተሯን አየች።

«ስምረት ፍስሃጽዮን ባለፈው ማክሰኞ በርራለች» አለች።

ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ እዚያው ቆማለች እኮ! አንድ ደላላ ቦታዋን ለሌላ ሰው ሸጦት፣ ሌላ ሴት በስሟ ሄዳ ነበር። ጋሽ ፍስሃጽዮን አልተቀመጡም። ደላላው ማን እንደሆነ አወቁ፣ የመንገደኞቹን ዝርዝር ቅጂ ከየት እንደሆነ እንጃ አስወጡ፤ በልጃቸው ስም ትይዩ የሌላ ሴት ፎቶ ተለጥፎበታል። ከሰሱ፣ ሰሚ አጡ። ከብዙ ልመና በኋላ ለስምረት አዲስ ፋይል ተከፈተ። ስድስት ዓመት ጠብቀው አሁን፣ በሚመጣው መጋቢት፣ ለቃለ መጠይቅ ተጠርታለች።

«ሁሉንም እነግርሻለሁ» አሏት ሐሊናን፣ ምግብ ቤቱ በረንዳ ላይ ሻይ ቀርቦላቸው። «ወረቀቱንም እሰጥሻለሁ። ግን ስምረት እስክትሄድ ድረስ የተናገርኩት እኔ መሆኔን ነፍስ ያለው ሰው እንዳያውቅ። አንዴ አይሮፕላን ላይ ትውጣልኝ እንጂ፣ ከዚያ በኋላ በአደባባይ ጩኺው። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ምን ያደርጉኛል?»

«እሺ ጋሼ።»

«እሺ አትበይኝ ጓለይ። ማይልኝ።» ጓለይ ይሏታል፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

ማለችላቸው።

አቤኔዘር ነገሩን ስትነግረው ዓይኑ በራ። «የሙያ ሥራውን ምረጪ» አላት። «አብረን እንሠራዋለን። ልጅቷ እስክትሄድ አንድ መስመር አይወጣም፤ ዓመትም ቢሆን እጠብቃለሁ። እያንዳንዱን ቃል እኔ ራሴ ነው የማየው።» ቃሉን እንደሚጠብቅ ታውቃለች። ግን ጋዜጣ ጋዜጣ ነው። ሐሊና ዓይኗን ስትጨፍን የሚታያት ያ ገርበብ ያለ በር ነው። ጥናቱ ግን ኮሚቴ አለው፣ የተቆለፈ ካቢኔት አለው፣ የስምምነት ወረቀት አለው፣ ስም መደበቅ ግዴታ ነው፤ ከሁሉም በላይ ማንም አያነበውም። ያ አቤኔዘር የሚሳለቅበት ነገር፣ የመደርደሪያ አቧራው፣ ለሷ መሸሸጊያ መስሎ ታያት።

ሰኔ ላይ፣ አንድ ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል «ጥናት» በሚለው ሣጥን ውስጥ ጭረት አድርጋ አስገባችው። ወደ ካሳራኒ ስትመለስ ማታቱው ውስጥ ሙዚቃው ጆሮ ያደነቁራል፣ እሷ ግን ከስንት ዘመን በኋላ ሰላም ተሰማት። ለአቤኔዘር በጽሑፍ ነገረችው። «እንዳልሽ» ብሎ መለሰላት።

የስም ነገር የመጣው መስከረም ላይ ነው። በኮሚቴው ደንብ መረጃ ሰጪ ሁሉ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ጋሽ ፍስሃጽዮን ሰባተኛ ነበሩ። ሐሊና የስምምነት ወረቀቱን ይዛ ሄዳ ስታነብላቸው «ተሳታፊ ሰባት» የሚለው ላይ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ፣ ሰባት ማለት እኔ ነኝ?»

«ለርስዎ ደኅንነት ነው ጋሼ።»

«ሃያ ስድስት ዓመት ቁጥር ሆኜ ኖርኩ። የፋይል ቁጥር፣ የካርድ ቁጥር፣ የሰልፍ ቁጥር። አሁን ደግሞ አንቺ ልትቆጥሪኝ መጣሽ? የለም፣ እሱን ተዪው።»

«እንግዲያው የሆነ ስም እንስጥዎት። ከበደ፣ ተስፋዬ፣ የፈለጉትን።»

«እውነት እየተናገርኩ በሐሰት ስም?» ከልባቸው ተቆጡ። «ምስክርነት አይደለም እንዴ ይሄ? በማላውቀው ሰው ስም እንዴት እመሰክራለሁ?»

ሐሊና ጨነቃት። ያለ እሳቸው ጥናቱ ጥናት አይሆንም። እሳቸውም መጨነቋን አይተው ለስለስ አሉ፤ ሻያቸውን ፉት ብለው ትንሽ አሰቡ።

«ወልደ ሩፋኤል በይኝ» አሉ። «የክርስትና ስሜ ነው። እግዜር የሚጠራኝ በሱ ስለሆነ ሐሰት አይሆንም። መታወቂያዬ ላይ የለም፣ ፋይሌ ላይ የለም፣ የትም የለም።»

ሐሊና የሐዋሳ ልጅ ናት፣ የወንጌላውያን ቤት ያሳደጋት፤ የክርስትና ስም የላትም፣ በቤታቸውም ማንም አልነበረውም። ስለ ነገሩ የምታውቀው ከሩቅ ነው። በካህኑና በእግዜር መካከል የሚቀር፣ ሰው የማይጠራበት ምስጢራዊ ስም አድርጋ ነበር የምታስበው።

«ሰው ያውቀዋል እንዴ?» ብላ ግን ጠይቃለች። ይህንን መካድ አይቻልም፣ ጠይቃለች።

«ቄሱ ያውቁታል። የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም።» ከዚያ እሳቸውም ጠየቁ፣ «መጽሐፉን ማን ነው የሚያነበው?»

«ማንም አያነበውም ጋሼ» አለች ሐሊና፣ እየሳቀች። «አስተማሪዎቼና ኮሚቴው ብቻ ናቸው፤ ሁሉም የዚህ አገር ሰዎች። ከዚያ መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀመጠው።»

ጋሽ ፍስሃጽዮን አንገታቸውን ነቀነቁ። «ያን ያህል ተለፍቶ?» አሉ። ፊደል ለቃሚ ናቸውና የሰው ድካም ሳይነበብ መቅረቱ አሳዝኗቸው ነበር። ፈረሙ።

ኮሚቴው ወደደው እንጂ ምን ሊል! አምስት የተከበሩ ምሁራን ተቀምጠው፣ ተሳታፊዎች የገዛ ባህላቸውን ተከትለው ስም እንዲመርጡ መደረጉ የሚያስመሰግን ነው ብለው በቃለ ጉባኤ አሰፈሩት። ዶክተር አቺዬንግ ደስ ብሏቸው ትከሻዋን መታ መታ አደረጉ። ከአምስቱ አንዳቸውም «ይህን ሰው በዚህ ስም የሚያውቀው ማነው?» ብለው አልጠየቁም። እንዴትስ ይጠይቁ? አያውቁትም።

ጥር ላይ ተማሪዎች የጥናታቸውን የመጀመሪያ ውጤት ለክፍሉ አቀረቡ። ሐሊና አንደኛ ተባለች። ክፍሉም እንደ ልማዱ የሁሉንም ባለ ሦስት ገጽ ማጠቃለያ ድረ ገጹ ላይ ለጠፈ። ሐሊና ይህ እንደሚደረግ ታውቅ ነበር፣ በፊርማዋም ፈቅዳለች። የዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ ማን ይከፍታል ብላ ነው። በሁለተኛው ገጽ ላይ ሁለት መስመር ብቻ ነበረች፤ «ልጄ ሻንጣዋን ይዛ ቆማ፣ በርራለች አሉን» ይላል ወልደ ሩፋኤል፣ በሁርሊንግሃም አካባቢ የሚኖር አረጋዊ።

በአራተኛው ቀን አቤኔዘር ደወለ። ከሰኔ ወዲህ ያን ያህል ተነጋግረው አያውቁም፤ ደስ ብሏት አነሣችው።

«ማጠቃለያሽን አየሁት» አላት። «አንዱ ተርጉሞ ቴሌግራም ላይ ለጥፎታል፣ ግማሹ ሐበሻ እየተቀባበለው ነው። ስሙን ማን አወጣው?»

«የቱን?»

«ወልደ ሩፋኤል።»

«አይ እሱ!» ሐሊና ሳቀች። «የክርስትና ስማቸው ነው። ብልህ ነገር አይደል? ማን ያውቀዋል?»

አቤኔዘር አብሯት አልሳቀም።

«ሰውየው የጽዋ ማኅበር አለው?»

«ምን?»

«የጽዋ ማኅበር ሐሊና! በየወሩ በቅዱሳን ስም ተሰብስበው የሚበሉ የሚጠጡ ሰዎች። አባላቱ የሚመዘገቡት እኮ በክርስትና ስም ነው። ቄሱ በየወሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስማቸውን ይጠራል፣ ይጸልይላቸዋል። ሰው መታወቂያ ላይ ያለውን ስም ይረሳል እንጂ ያንን አይረሳም። ገብረ ሥላሴ ቢሆን እንኳ አንድ ሃያ ሰው ይገኛል። ወልደ ሩፋኤል? እዚህ ናይሮቢ ስንት ወልደ ሩፋኤል አለ?»

ሐሊና ከወንበሯ ተነሣች። «ለምን…» አለች።

«ለምን አልነገርከኝም ልትዪኝ ነው? አላሳየሽኝማ። አሳይተሽኝ ቢሆን የመጀመሪያው ጥያቄዬ እሱ ነበር። ሥራዬ እኮ ነው።»

አዎ፣ ጋሽ ፍስሃጽዮን ማኅበር አላቸው። የሚካኤል ማኅበር፣ አሥራ አራት ሰው፣ በወር በወሩ በአሥራ ሁለት ቀን፣ ተራ በተራ በየአባሉ ቤት። ከአሥራ አራቱ አንዷ ሴትዮ ደግሞ የደላላው አክስት ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም ሴትዮዋ። ቴሌግራሙን አንብበው «ውይ፣ የኛ ወልደ ሩፋኤል እኮ ነው!» ብለው ለወንድማቸው ልጅ፣ ለደላላው፣ አሳዩት። ማኅበርተኛቸው ለወሬ በመብቃታቸው ኮርተው ነው እኮ።

ሐሊና ጫማዋን እንዴት እንዳጠለቀች አታውቅም። ከካሳራኒ ከተማ፣ ከከተማ አርባ ስድስት ቁጥር ማታቱ ይዛ ሁርሊንግሃም ስትደርስ ቀትር ሆኗል። ስምረትን ከምትሠራበት ፀጉር ቤት በር ላይ ቆማ አገኘቻት፣ እጇ ላይ ቅባት እንዳለ። ስምረት እዚያው ናይሮቢ ስለተወለደች አማርኛዋ ከእንግሊዝኛና ከስዋሂሊ ጋር ተደባልቆ ነው የሚወጣው፤ ስትናደድ ይብሳል።

«ፓፓን ምን አልሽው? ቴል ሚ። ማንም አያነበውም አይደል ያልሽው? ኤቭሪባዲ አንብቦታል!»

«ስምረት…»

«ትናንት ደወሉለት። "ወልደ ሩፋኤል፣ አፍህ ይታመማል" ብለው ዘጉት። በቤተ ክርስቲያን ስሙ! ሳሳ፣ አሁን እኔ ምን ላድርግ? ኢንተርቪዬ በመጋቢት ነው። ሲክስ ይርስ ጠብቄአለሁ ሐሊና። የሰው ፀጉር እያጠብኩ ሲክስ ይርስ!»

ሐሊና ይቅርታ ልትላት አፏን ከፈተች። ስምረት ግን «ኑሪበት» ብላ ገባች። የተናገረችው በጥሩ አማርኛ ነበር።

ጋሽ ፍስሃጽዮን ክፍላቸው ውስጥ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነበር። አልተቆጡም። ቢቆጧት፣ ቢሰድቧት፣ ውጪልኝ ቢሏት ምን ነበረበት!

«ማኅበሩ እንደሚያውቀው አውቅ ነበር» አሏት። «የሚያነቡት ፕሮፌሰሮች ብቻ ናቸው ስላልሽኝ ነው። ይሁን እንግዲህ። ምናልባት በማስፈራራት ያበቃ ይሆናል።»

አላበቃም። የካቲት መጨረሻ ላይ ከስደተኞች መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ መጣ። ስድስት መስመር። የስምረት ፍስሃጽዮን የቀድሞ የጉዞ ቦታ በገዛ ቤተሰቧ ፈቃድ ለሌላ ሰው የተሸጠ መሆኑን የሚገልጽ ጥቆማ ስለደረሰ ቃለ መጠይቁ መሰረዙን፣ ፋይሉም በማጭበርበር መዘጋቱን፣ ይግባኝ እንደማይቻል ይገልጻል። ደላላው ቀድሟቸው ነበር፤ ሌባው ጠቋሚ ሆኖ ቀረበ።

ሐሊና ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበችው። ስምረት ግድግዳው ጥግ ተቀምጣ በስልኳ የሆነ ነገር ትነካካለች፣ ቀና ብላም አላየቻት።

«እኔ ነኝ አሉ የሸጥኳት» አሉ ጋሽ ፍስሃጽዮን። ለመሳቅ ሞከሩ፣ ከንፈራቸው ግን እምቢ አለ። ከዚያ ከትራሳቸው ሥር ያንን የመንገደኞች ዝርዝር አወጡ፣ ዋናውን ቅጂ፣ የሌላይቱ ሴት ፎቶ ያለበትን። «በይ ውሰጂው። አሁን የምደብቀው ነገር የለኝም። ጋዜጣ ላይ አውጪው። በስሜ። ፍስሃጽዮን ብለሽ፣ ከነፎቶዬ፣ የፊተኛው ገጽ ላይ። ልጁን አልሸጠም የሚል ነገር አንድ ቦታ ታትሞ ይቀመጥልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እሺ ጋሼ» አለች ሐሊና። ዕንባዋ ወረቀቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ፊቷን አዞረች። «ይወጣል።»

በማግስቱ ዶክተር አቺዬንግ ቢሮ ገባች። ወደ ሙያ ሥራ መዛወር እፈልጋለሁ አለች። ዶክተሯ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው አደረጉትና በሐዘን አዩዋት። ፎርሙ ተፈርሟል። መመለስ የለም። ቃለ ምልልሶቹም የተሰበሰቡት ስም ለመደበቅ ቃል ተገብቶ ስለሆነ የዩኒቨርሲቲው ንብረት ናቸው፤ ካቢኔት ውስጥ ይቆለፋሉ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ይወገዳሉ።

«ሰውየው ራሱ ስሜን አውጡ እያለ እኮ ነው!»

«ኮሚቴው አይፈቅድም፣ ሐሊና። በማጭበርበር የተጠረጠረ ሰው ሆኗል አሁን። ካሳተምሽው ደንብ ጥሰሻል ተብሎ ትባረሪያለሽ። ከተባረርሽ የተማሪ ፈቃድሽ ይሰረዛል። ፈቃድሽ ከተሰረዘ የት ትሄጃለሽ?»

ከሠርክ ነገር በኋላ አዲስ አበባ የምትመለስበት በር የለም። ዶክተሯ ክፉ ሴት አይደሉም፤ የወረቀት መሐረብ አቀበሏት።

አቤኔዘር ግን አለ እኮ! ኪሊማኒ ቢሮው ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። «አምጪው» አላት በስልክ። «ዝርዝሩን፣ ደብዳቤውን፣ ሰውየውን። በዚያው ሳምንት ይወጣል። በስምሽ ካልፈለግሽ በኔ ስም ይውጣ።» በእሱ ስም ቢወጣም ዩኒቨርሲቲው ከማን እንደመጣ በግማሽ ቀን ያውቃል፤ ይህንን ሁለቱም ያውቃሉ። «ከባድ ነው፣ አውቃለሁ» አለና ጨመረ፣ «ግን ለሰውየው ቃል ገብተሽለታል።»

«ነገ አመጣዋለሁ» አለችው።

ዝርዝሩን በፕላስቲክ ሸፍና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በማግስቱ ኪሊማኒ የሚሄደው ማታቱ ላይ ወጣች፤ ረዳቱ፣ ማካንጋው፣ «ኪሊማኒ! ኪሊማኒ!» እያለ በሩን ይደበድባል። ሞተሩ ሲነሣ ወረደች። ይህንን ነገር ሦስት ቀን አደረገችው። በአራተኛው ቀን ወደ መሳፈሪያውም አልሄደችም። የፈሪ ነገር! ለሠርክ ደፍራ ነበር፤ ያኔ የደፈረችው በሠርክ አንገት ነበር እንጂ በራሷ አልነበረም። አሁን ተራው የራሷ ሲሆን እግሯ ከዳት። ይህንን ለራሷ አልደበቀችም፤ ካሳራኒ ያለችው ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ ጮክ ብላ «ፈሪ ነሽ» ብላታለች ራሷን።

ጋሽ ፍስሃጽዮን በየማለዳው ይደውሉ ጀመር። ከምግብ ቤቱ ፊት ለፊት ጋዜጣ የሚሸጥ ሰው አለ፤ ከሱ እየገዙ ቆመው ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያገላብጡታል። ከዚያ ይደውላሉ።

«ዛሬ ወጣ?»

«ነገ ጋሼ።»

«የትኛው ገጽ ላይ እንደሆነ ንገሪያቸው እሺ? የፊተኛው ካልሆነም ሦስተኛው ጥሩ ነው። ሰው ሦስተኛውን ያያል።»

መጋቢት ሄደ። ፋሲካ አለፈ። ስምረት ወደ ሞምባሳ ሄዳ ሆቴል ውስጥ ሥራ አገኘች መሰለኝ አሏት ጋሽ ፍስሃጽዮን አንድ ቀን፤ ብዙም አትደውልም። ሐሊና በእያንዳንዱ ማለዳ ስልኩን እያየች ላለማንሣት ትወስናለች፣ ታነሣዋለችም። አንድ ቀን እንኳ እውነቱን ልትነግራቸው ሞከረች። «ጋሼ፣ ምናልባት ላይወጣ…» ስትል «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ብለው አቋረጧት። «አዘጋጆች እንደዚህ ናቸው። እኔ አላውቃቸውም ብለሽ ነው?»

ሐምሌ ላይ ጥናቷን ለመከላከል ቀረበች። አምስቱ ምሁራን ግማሽ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ሁለት ሰዓት ጠየቋት፣ ሁለት ሰዓት መለሰች። ስለ ተሳታፊዎች ደኅንነት ስትጠየቅ ደንቡ የሚለውን ሁሉ በሚገባ አብራራች። ወጥታ ኮሪደር ላይ እንድትጠብቅ አደረጓት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ዶክተር አቺዬንግ በሩን ከፍተው እየሳቁ አቀፏት። በከፍተኛ ማዕረግ። የዶክትሬት ዕድልም እንደሚሰጣት፣ የተማሪ ፈቃዷም ለአራት ዓመት እንደሚታደስ በጆሮዋ ነገሯት። «አየሽ?» አሏት። «መንገድሽን በትክክል መርጠሻል።»

ሐሊና አመሰገነች። ቦርሳዋን ልታነሣ ጎንበስ ስትል ስልኳ ተንቀጠቀጠ። ፕላስቲክ የለበሰው ዝርዝር አሁንም እዚያው ነው፤ ከስልኩ ጋር ተደግፎ ተቀምጧል። ጥቂት እርምጃ ፈቀቅ ብላ አነሣችው።

«ጠዋት ደውዬ አልተነሣም ጓለይ፣ አሳሰብሽኝ» አሉ ጋሽ ፍስሃጽዮን። ከኋላቸው የመኪና ድምፅ ይሰማል፤ ጋዜጣ ሻጩ ጋ ናቸው። ወረቀት ሲገለበጥም ይሰማታል። «ዛሬም ፈለግሁት፣ አላገኘሁትም። ዓይኔ ደክሞ ይሆን?»

«የለም ጋሼ» አለች። «ዓይንዎ አይደለም።»

«ነገ ነው እንዴ?»

በኮሪደሩ ጫፍ ዶክተር አቺዬንግ ለፎቶ እጃቸውን እያውለበለቡ ይጠሯታል። ሐሊና ግድግዳውን ተደገፈች።

«ነገ» አለች።

«በርቺ የኔ ልጅ» አሉ ጋሽ ፍስሃጽዮን። «ጥሩ ሥራ ጊዜ ይፈልጋል። እኔ እንደሆንኩ እዚሁ ነኝ፣ ሻጩም አንድ ቅጂ ያስቀምጥልኛል።»